ለአምሳለ የሚሄደው ፍም

እንጅባራ ላይ ታኅሣሥ ሲገባ አሮጌ የናፍጣ መኪና ሳያሞቁት አይነሳም። ስለዚህ ትዕግስት ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ሁለት ማንደጃ ከሰል ታቀጣጥላለች፤ አንዱን ለባሏ ለደረሰ ሚኒባስ፣ ሌላውን ለጎረቤታቸው ለአምሳለ ፒካፕ። ሁለቱም መኪኖች የሚያድሩት እነትዕግስት ግቢ ነው። ደረሰ ማንደጃዎቹን ከሞተሮቹ ሥር ያስገባል፤ በውርጩ የረጋው ዘይት ሲላላ ቁልፍ ይዞራል።

ትዕግስትን ያንገበገባት ከሰሉ አልነበረም። ደረሰ ከራሱ መኪና ሥር ማንደጃውን ጣል አድርጎ ይመለሳል፤ ከአምሳለ መኪና ሥር ግን ተንበርክኮ ፍሙን ያራግባል። አምሳለም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ በአዊኛ ታወራዋለች፤ ይሳሳቃሉ። ትዕግስት የቡሬ ልጅ ናት፤ አዊኛዋ ከሰላምታ አያልፍም።

«ምን ብላህ ነው የሳቅኸው?» አለችው አንድ ቀን።

«ስለ ባትሪዋ ነው።»

«ባትሪ ያስቃል?»

«የእሷ ያስቃል።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። አምሳለ ከግቢው መውጣት አለባት። ሁለት ሦስት ቀን መኪናዋ አልነሳ ካላት ተማርራ ሌላ ማደሪያ ትፈልጋለች።

የዳንግላ ገበያ ቀን ነበር። አምሳለ ድንቿን ከማታው ጭናለች። ትዕግስት የአምሳለን ማንደጃ በትናንት አመድ ሞልታ፣ ከላይ አንድ እፍኝ ፍም በተነችበት። በጨለማ ሲያዩት ደህና የተቀጣጠለ ይመስላል። ደረሰም ሳይጠረጥር ወስዶ ከፒካፑ ሥር አስገባው።

ሚኒባሱ ወዲያው ተነሳ። ፒካፑ አቃሰተ፣ አንገራገረ፣ ዝም አለ። አምሳለ ደጋግማ ሞከረች፤ እየባሰበት ሄደ።

ትዕግስት አንድ ነገር ግን አላሰበችም። መኪናው የተነሳለት ሹፌር ያልተነሳለትን ጥሎ አይሄድም፤ የሹፌር ሚስት ሆና አምስት ዓመት ስትኖር ይህን ታውቃለች፤ ቅናቱ አስረሳት እንጂ።

«ድንቹን ወደ እኔ እናዙረው፤ ገበያው አይለፍሽ» አለ ደረሰ።

ስድስት ጆንያ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። አምሳለ እጇን አራግፋ ጋቢና ገባች።

«ትዕግስትዬ፣ የዘንድሮ ከሰል እኮ ያታልላል» አለቻት በመስኮት። «አንቺ ምን ታደርጊ።»

«ማታ መካኒክ ይዘን አብረን እንመለሳለን» አለ ደረሰ። «በይ በሩን ክፈችልን።»

ከፈተች። ሚኒባሱ ወጥቶ መንገዱን ሊይዝ ሲል ሮጣ መስኮቱን አንኳኳች። እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው።

«እኔም ዳንግላ እሄዳለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ድንች ልገዛ።»

አምሳለ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። «ይኸው፣ ከፈለግሽ ከዚህ አውርጂ።»

«ገበያው ላይ አማርጬ ነው የምገዛው።»

«ቤቱስ?» አለ ደረሰ።

«ቆልፌዋለሁ።»

አልቆለፈችም። አምሳለ ወደ ደረሰ ጠጋ ብላ ከበሩ በኩል ቦታ ለቀቀችላት። ትዕግስት አልተቀመጠችም።

«አንቺ ውረጂና ከዳር ሁኚ። እኔ መሃል እገባለሁ።»

«መሃሉ እኮ ሞተሩ ላይ ነው፤ ያቃጥልሻል።»

«ይበርደኛል።»

ከመናኸሪያ ሰው ጭነው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱ በትዕግስት አናት ላይ አዊኛቸውን ጀመሩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርሱ የሞተሩ ግለት ቀሚሷን አልፎ ጭኗን ይለበልባት ነበር። አንዴ እንኳ ንቅንቅ አላለችም።