ሁለት የደም ውጤት

ልጅቷ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ትልቁን የሽፈራው ቅጠል ዱቄት እሽግ አንስታ ወደ አባቷ ዞረች።

"አንተ የምትወስደው ይሄንን ነው አይደል፣ አባዬ?"

"አዎ" አለ፣ እሽጉን እያየ።

አልዋሸም። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ጉዱ ያለው ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

አባትየው የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ተማሪ ይዞ ሲሄድ፣ ከብት የጫነ መኪና ተገልብጦ አገኘ። እግሩ የተሰበረ በሬ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ ይከተል ነበር። ቤቱ ገብቶ ያየውን ሲያወራ እንባ ተናነቀው፤ ከእንግዲህ ሥጋ በአፌ አይዞርም አለ። ልጁ ከወንበሯ ተነስታ አንገቱን አቀፈችና "እኔም" አለች። እናትየው ሁለቱንም አየት አድርጋ፣ በሉ እንግዲህ እኔን ከበጉ ጋር ተዉኝ ብላ ሳቀች።

ቃሉን የሰጠው ከልቡ ነበር፤ ለወራትም ጠበቀው። ባልደረቦቹ "ቅጠሉ" የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ስሙን ወደደው። ስለ ተልባው፣ ስለ ሽፈራው፣ ስለማያውቀው ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ለጠየቀው ሲተነትን አይደክመውም። ለቤቱ የትኛው ዱቄት እንደሚገዛ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚወሰድ የሚወስነውም እሱ ሆነ። አንዱን የመረጠው ሻጩ አጥንት ያጠነክራል ስላለው ነው፤ ሌላውን ደግሞ ሽታው ደስ ስላለው። ሐኪም ማማከር ትዝም አላለው።

ከዚያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፈ አንድ ተማሪ ምሳ ጋበዘው። የተጠበሰው ሥጋ ሲቀርብ እጁ ቀደመው። ለዛሬ ብቻ ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ከዚያ ወዲህ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ የማሠልጠኛዋን መኪና ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ይነዳታል። በልቶ ሲያበቃ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፣ ቅርንፉድ ያኝካል። ቤት ሲገባ ልጁ ሳህኑን ከሳህኗ አጠገብ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች።

እሷ ይባስ ብላ ወተቱንም እንቁላሉንም ተወች። ሰሞኑን ፊቷ አመድ መሰለ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ የእግሯ ጣቶች ይደነዝዟታል። በቀደም ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ስትጫወት ወደቀች። ሐኪሟ፣ ከአንድ ማዕድ ከሆነ የምትበሉት የአባትየውም ደም ይታይ ብላ ሁለቱንም አስመረመረቻቸው። ዛሬ ውጤቱ ወጣ። የልጅቷ ደም ብረቱም፣ ቢ12 የሚሉት ቫይታሚንም ጎድሎታል። የአባትየው ሙሉ ነው።

"እርስዎ የተለየ የሚወስዱት ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችው ሐኪሟ።

ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሽፈራው ከተልባ ጋር እወስዳለሁ አለ። ሐኪሟ ቅጠል ቢ12 እንደማይሰጥ ተናግራ፣ ፊቱን ለአፍታ አስተውላ፣ ሌላ ሳትጨምር የልጅቷን መድኃኒት አዘዘች።

አሁን ፋርማሲስቱ የታዘዘውን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ የብረቱ እንክብል ሽፋን ከምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። ከከብት ቆዳና አጥንት ነው አላት፣ ሳይደብቅ፤ ሽፋን የሌለው ክኒን ግን እንዳለ፣ ቢ12ቱም ከእንስሳ እንደማይወጣ አስረዳት። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

"ይቅርብኝ። ሐኪሟ ቅጠል አይሰጥም ብትልም አባዬ ያለ ክኒን ነው ደሙ የሞላው" አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጥፋቱ የኔ ነው። ዱቄቱ ሲመረኝ አንዳንድ ቀን ግማሹን እደፋዋለሁ። አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።"

አባትየው ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። መኪና ውስጥ ልንገራት ይሆን? ወይስ ቤት? ጭራሽ ባልነግራትስ?

"ሁለቱንም ውሰጂ፤ ዱቄቱንም ክኒኑንም" አላት።

"አንተ ያልወሰድከውን እኔ ለምን?"

በዚህ መውጫ አጣ።

"እኔ ሥጋ እበላለሁ" አለ።

"ምን?"

"ምሳ ላይ፣ ውጭ። ቆየሁ። ደሜን የሞላው ዱቄቱ አይደለም።"

ፋርማሲስቱ ጀርባውን ሰጥቶ መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረ። ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየችው።

"እኔ የወደቅኩ ቀንስ?"

"ያን ቀንም።"

አላለቀሰችም። እሽጉን ወደ ቦታው መለሰች፤ ከዚያ ፋርማሲስቱን ሽፋን የሌለውን የብረት ክኒንና ቢ12ቱን እንዲሰጣት ጠይቃ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እንደምትወስደው ሲያስረዳት አንድ በአንድ አዳመጠችው። አባትየው መድኃኒቱን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

ውጭ የመኪናዋን በር ከፈተላት።

"በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ዳገቱን አትችይውም፣ የኔ ልጅ።"

እሷ መንገድ ጀመረች። በመኪና ቀስ እያለ ሊከተላት አሰበና፣ ሰው ሁሉ ሲያያት ታየው። መኪናዋን ቆልፎ በእግሩ ተከተላት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጠራትና አጥር ተደግፋ ቆመች። እሱም ባለበት ቆመ፤ ሊጠጋት አልደፈረም።

"እኔ አሁንም ሥጋ አልበላም" አለች፣ ሳትዞር።

"አውቃለሁ።"

"ለእማዬ አንተ ነህ የምትነግራት። ዛሬ።"

እናትሽ ዛሬ ደክሟታል የሚል ሰበብ ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው።

"እሺ" አለ።

ልጅቷ መንገዷን ቀጠለች። እሱ ስልኩን አውጥቶ ከምሳ በኋላ ለሚያሠለጥነው ተማሪ ደወለና ዛሬ እንደማይመጣ፣ ምሳውን ቤቱ በልቶ እዚያው እንደሚውል ነገረው። ከዚያ እሷን ሳይቀድማት፣ በእሷ እርምጃ ልክ ዳገቱን ተያያዘው።