የካርናሻን ጠበል

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ እጇን ጨብጠው አለፉ። ተከታያቸውም «እግዜር ያጥናሽ፤ ደግ ሰው ነበር» አለና ተከተላቸው። ከእሱ ኋላ የነበረችው ሴት ደግሞ እጇን ይዛ አለቀሰችባት።

ኑዋላ ጌራቲ ከአባቷ ሬሳ ሣጥን ራስጌ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ ስትጨበጥ ቀኝ እጇ ዝሏል። ሣጥኑ ክፍት ነው። አባቷ ፊንታን ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ መቁጠሪያው በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተጋድሟል። ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ፣ በሩን ወጥቶ መንገዱ ድረስ ተዘርግቷል። የመጣው ሁሉ እጅ ይጨብጣል፣ ከሣጥኑ አጠገብ ካለው ጎድጓዳ ሳህን ጠበል ነክቶ ያማትባል፣ ለሟቹም ጠብ ጠብ ያደርግለታል፤ ከዚያ ኩሽና ገብቶ ሻይና ሳንድዊች ይቀርብለታል። በዚህ አገር ሙት ብቻውን አይተውም፣ ቋሚም ሳይበላ አይሄድም።

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው ለመታየት የመጣ ነው። የፓርላማ እንደራሴ የነበረውን ፊንታንን አንድም ቀን መርጠውት የማያውቁት ሳይቀሩ ዛሬ «ለእኔ ያላደረገልኝ የለም» ይላሉ። ያ ከሣጥኑ ግርጌ ቆሞ እንደ ወንድም የሚያነባው ባለሱቅ፣ ባለፈው ምርጫ የፊንታንን ፎቶ ከአጥሩ ላይ ነቅሎ ቦይ ውስጥ የጣለ ሰው ነው። ኑዋላ አየችውና አፏ ውስጥ ያለው ሻይ ጎመዘዛት።

«ኑዋላ፣ አንዴ» ብሎ ዴክላን በጆሮዋ አንሾካሾከ። ዴክላን የአባቷ ፓርቲ የወረዳው ኃላፊ ነው፤ ጸጉሩ በቅባት የተለጠፈ፣ ሰው ሲያናግር ክርን የሚይዝ ዓይነት። ክርኗን ይዞ ወደ ኩሽና ወሰዳት።

«ሚኒስትሩ ሊመጡ ነው» አላት።

«የትኛው ሚኒስትር?»

«ሎርካን ሄፈርናን ናቸዋ! ትልቅ ክብር ነው። እባክሽ ታዲያ የውሃውን ነገር እንዳታነሺባቸው። ከፓርቲያቸው ጋር መንግሥት ለመመሥረት እየተነጋገርን ነው፤ ነገሩ እንዳይበላሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የአባትሽ ወንበር አለ። ሰዉ ዓይኑ ሳይደርቅ ብትወዳደሪ ማንም አይችልሽም።»

«አባቴ ገና አልተቀበረም እኮ፣ ዴክላን።»

«እሱማ! ለዚህ እኮ ነው ቶሎ ማሰብ ያለብን።»

ኑዋላ ክርኗን አስለቀቀች። የያዛት ቦታ ላይ የሆነ ነገር የተጣበቀባት ይመስል በእጇ ጠረገችው።

እዚህ ካርናሻን ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ መልኩ የቀዘቀዘ ሻይ ነው፣ ሽታው ደግሞ ሌላ። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ማስታወቂያ የወጣው ኑዋላ ተማሪ ሳለች ነበር። ዛሬ እሷ ራሷ አስተማሪ ናት፤ ማስታወቂያው ግን አሁንም እንዳለ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ የየቤቱን ውሃ በማርማላታ ጠርሙስ ይዞ ወደ ፊንታን ይመጣ ነበር። አንዱ የልጁን የተላላጠ ክንድ ያሳያል። ጎረቤታቸው ፔግ ቡኒ የሆነ አንሶላዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ይኸው፣ ነጭ ነበር» ትላለች። ፊንታን ሁሉንም ይሰማል፤ ከዚያ አንዱን ጠርሙስ ይመርጥና በጠዋት ባቡር ይዞት ደብሊን ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ለጠበል የሚባርከው ከሱቅ የተገዛ ውሃ ነው። «እግዜርም ካርናሻን ሲመጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ነው» እያለ ፊንታን ከማንም በላይ ራሱ ይስቅ ነበር።

ተቃዋሚ እንደራሴ ነበርና ሥራው መጠየቅ ብቻ ነው። ይጠይቃል፣ ይመልሱለታል፣ ውሃው ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አንድ ጊዜ ኑዋላ ፓርላማ ሄዳ ከሕዝቡ መቀመጫ አየችው። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አባቷ፣ አፈ ጉባኤውን ተክቶ የሚያዛጋ አንድ ሰውዬ፣ ያኔ ሚኒስትር ዴኤታ የነበረው ሄፈርናን፣ በቃ። ፊንታን ተነሥቶ ስለ ልጆቹ ቆዳና ስለ ፔግ አንሶላ ተናገረ። ጠርሙሱን ብድግ ሲያደርግ «የተከበሩ እንደራሴ፣ ዕቃ ማሳየት ክልክል ነው» ተባለና መልሶ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ሄፈርናን ሌሎች ጽፈው የሰጡትን ወረቀት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ሳይል አነበበ። «የካርናሻን ውሃ የተቀመጠለትን ደረጃ ያሟላል» አለ። ወረቀቱን አጠፈና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ለክቡር ሚኒስትር ዴኤታው ምስጋናዬን አቀርባለሁ» አለ አባቷ።

በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። «አባዬ፣ ምን ብለህ ነው የምታመሰግነው? ሰውዬው ዓይንህ እያየ ዋሸህ እኮ!»

«ደንቡ ነው ልጄ። ካላመሰገንኩ ሌላ ጊዜ ተራ ይነሱኛል።»

«ተራ አግኝተህስ ምን አመጣህ?»

«ቢያንስ ሰሙኝ።»

«ማን ሰማህ? ወንበሩ?»

ፊንታን ሳቀ። ኑዋላን ያንገበገባት ያ ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓርላማ ማውራት ሲጀምር ተነሥታ ትወጣ ነበር። ሄፈርናንን የጠላችውን ያህል የአባቷም ትሕትና ይቀፋት ጀመር፤ ተሰድቦ የሚያመሰግን ሰው ምን ይባላል?

አሁን ያ ሰውዬ ሊመጣ ነው። መጥቶ ፎቶ ይነሣል፣ ሁለት ጥሩ ቃል ይናገራል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የካርናሻን ውሃ ነገርም ከፊንታን ጋር ይቀበራል። ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሰው እያየ፣ ያንን ውሃ እንዲነካው ፈለገች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ለምኖ ያጣው ይኸው ነው።

ሳሎን ገብታ የጠበሉን ሳህን አነሣች። የተባረከውን ውሃ እንደ ወጉ ከጓሮው ጽጌረዳ ሥር አፈሰሰችና ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው ሁለቴ ሳል ሳል አደረገው፣ ከዚያ ቡኒውን ለቀቀው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሲኒ ታጥብ የነበረችው ፔግ።

«ጠበሉን ልቀይር።»

ፔግ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይሄማ የላም ሽንት ነው!»

«ደረጃውን ያሟላል ብለዋል እኮ።»

ፔግ አፏን በፎጣ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ቄሱ አባ ኮልማን ጥግ ላይ ኬክ ይበላሉ። «አባ፣ ይባርኩልኝ» አለቻቸው። ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ በመስኮቱ ደግሞ ከጥቁር መኪና የሚወርደውን ሰውዬ አዩ።

«ኑዋላ፣ ይሄ ነገር በቀል እንዳይሆን።»

«ውሃ ነው አባ። እኛ የምንታጠብበት።»

ቄሱ ኬካቸውን አስቀመጡ፤ ጣታቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራግፈው ውሃውን ባረኩት። ኑዋላም ሳህኑን ሣጥኑ አጠገብ መለሰችው።

ሄፈርናን ሰልፉን አልጠበቀም፤ ዴክላን ከፊት ከፊቱ መንገድ እያስለቀቀ አስገባው። የኑዋላን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ለስላሳና ሞቃት ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት። «ብንከራከርም እንከባበር ነበር። የአባትሽን ጥያቄ ሁልጊዜም በቁም ነገር ነው የያዝነው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይህን ያለው፤ ያውም ሟቹ አጠገብ ቆሞ።

«እንግዲያው ጠበሉን ይንኩ» አለችው።

ሄፈርናን ዞረና ሳህኑን አየ። የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። የዴክላን ፊት አመድ መሰለ። እዚህ አገር ሻይ አልጠጣም ማለት ይቻላል፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ጠበል አልነካም ማለት ግን አይቻልም። ሰውዬው ይህን ያውቃል፤ ስንት ለቅሶ የደረሰ ፖለቲከኛ ነው። የጣቱን ጫፍ ነከረ፣ አማተበ፣ ለፊንታንም ጠብ ጠብ አደረገለት። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ተገላግሎ ነበር። ግን እጁ ሳያማክረው ኪሱ ገባ፣ መሐረብ አወጣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎም ግንባሩን ጠረገ።

«ምነው ልጄ» አለች ፔግ ከበሩ፣ ሳንድዊች የሞላ ሳህን እንደያዘች። «ደረጃውን ያሟላል ብለህ አልነበር? ምኑን ነው የምትጠርገው?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረና አቃተው። ሌላው ተከተለ። ሳቁ ኮሪደሩን ይዞ ወጣ፤ ምን እንደተባለ ያልሰማው መንገድ ላይ ያለው ሰልፈኛም ተነግሮት ሳቀ። ሄፈርናን ፊቱ ቀልቶ መሐረቡን በጭብጡ ይዞ ቆመ፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ዴክላን «ክቡርነታቸው ፕሮግራም አለባቸው» እያለ ይዞት ወጣ። ሻይ እንኳ አልቀመሰም።

ኑዋላ ደስታው እስኪመጣላት ጠበቀች። አልመጣም። «አየህልኝ አባዬ?» ልትል ወደ ሣጥኑ ዞረች።

ጠብታዎቹ ፊንታን ላይ ነበሩ። ሁለቱ ነጩ ኮሌታው ላይ ቡኒ ሆነው ተዘርግተዋል፤ አንዱ ጉንጩ ላይ ወርዶ ወደ ጆሮው እየሄደ ነው። የረጨው ሄፈርናን ቢሆንም የቀዳችው እሷ ናት። ዙሪያዋን ብትመለከት አንድ ንጹሕ ጠብታ ውሃ የለም።

አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ አረጠበችና ጉንጩን ጠረገችው። ቀዘቀዛት። ከሞተ ጀምሮ ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምን ያህል እንደናፈቃትም ያን ጊዜ ገባትና እንባዋ መጣ። ሰልፉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው። ኑዋላ አልሰማቻቸውም። ጣቷን ደግማ አረጠበችና ኮሌታውን ታሸው ጀመር።