በእናቴ እግር ላይ የተሰመረው

ዶክተር ኢክረማ በእርግጥ ምርመራውን አድርጎላታል?

በቀዶ ሕክምናው ማለዳ ቀጨኔ፣ እናቴ ቤት ስደርስ ተኝታ ነበር። ለዓመታት ያበጠው ግራ እግሯ ከጋቢው ወጥቷል። ምንም ምልክት የለበትም።

ምርመራውን አውቀዋለሁ፤ ውጭ አገር የተማርኩት የሕክምና ምስል ማንሣት ነው። አረንጓዴ ቀለም በእግር ጣቶች መሀል ይወጋል። ከዚያ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች በልዩ ካሜራ ሲታዩ ያበራሉ። ሐኪሙ እነሱን ተከትሎ ቆዳው ላይ በማርከር ያሰምራል፤ የሚቀደደው በዚያ መስመር ነው። ካሜራውን ከውጭ ይዞ የመጣው ዶክተሩ ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ይዞት ይመለሳል።

እማዬን እንዳላስደነግጥ እህቴን ኢየሩን ወደ ግቢው ጠራኋት። ትናንት ለምርመራው ሆስፒታል የወሰደቻት እሷ ናት።

«መስመሩን አይተሻል?»

«እኔ ውጭ ነበርኩ። ስትወጣ እግሯ ተጠቅልሏል።»

«ካሜራውንስ?»

«ደግሞ ጀመረህ! አንተ እኮ እንኳን ሐኪም፣ የታክሲ ረዳትም አታምንም።»

ለዶክተሩ ጻፍኩለት፦ «ቀለሙን ሳይወጉ ነው ለእናቴ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉላት? የካሜራውን ምስል ካላሳዩኝ አላስነካትም፤ እከስዎታለሁም።»

ወዲያው መለሰ፦ «እንግዲያው ተራዋን ለሌላ ታማሚ እሰጣለሁ።»

ፈርቷል አልኩ በልቤ።

እማዬ ነቅታ ሻሿን እያሰረች ወጣች። «አንሄድም እንዴ?»

«እማዬ፣ ሰውየው አታሎሻል። እግርሽ ላይ ምንም አላሰመረም።»

«በስመ አብ! አሰመረ እንጂ! የአስፋልት ቀለም አስመስሎኝ ነበር።» ሳቀች። «እንደዚያ ተዥጎርጉሬ ሐኪም ፊት ልቅረብ? ጠበል ባፈስበት እምቢ አለ። በኋላ ከመድኃኔዓለም ባመጣሁት እምነት ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅሁት። ንጹሕ ሆኜ ልግባ ብዬ ነው።»

ኢየሩ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ጎንበስ ብዬ የእማዬን ጣቶች ፈልቀቅ አደረግኩ። በየመሀላቸው የመርፌ ቦታው አረንጓዴ ሆኗል።

ዶክተሩ ስልክ አላነሣም። ታክሲ ይዘን ወደ ሆስፒታሉ ወረድን። ዘበኛው ስማችሁ ዛሬ የለም ብሎ አላስገባንም። እማዬ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ እኔም ጻፍኩ፦

«ዶክተር፣ መስመሩን ያጠፋችው ራሷ ናት፤ ለንጽሕና ብላ። የዛትኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም አታውቅም። ቀለሙ አሁንም ጣቶቿ መሀል አለ። እባክዎ ከመሄድዎ በፊት አንዴ በካሜራው አይተው ያስምሩላት። በሩ ላይ ነን።»

እንዳነበበው ስልኬ አሳየኝ። መልስ ግን አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።