መጨረሻውን ጠይቀዋል

ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሙንተሃ ስልኳ ሲጠራ አየችው፤ የጓደኛዋ የኢያኤል አጎት ጋሽ ዳንኤል ናቸው። ጋሽ ዳንኤል መሃል ከተማ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ያለ ቁም ነገር የሚደውሉ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሏት።

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።»

«የኢያኤል አባት ሌሊት ወደ ጌታ ሄዷል። ደም ግፊት ነው፣ በድንገት። እሷ እንዳትሰማ።»

ሙንተሃ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ኢያኤል ሦስት ዓመት አንድ ዶርም አብራት ያደረች፣ ረመዳን ሲገባ ተነስታ ለሱሁር የምትቀሰቅሳት ልጅ ናት። «ቀብሩ መቼ ነው?» አለች። ነገ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አርባ ምንጭ ነው አሏት። «ታዲያ ዛሬ ብትነሳ ትደርሳለች እኮ!»

«ሐሙስ ፕሬዘንቴሽን አላት አይደል? የመመረቂያ ዓመቷ ነው። ወንድሜ ዓይኑ እስኪደክም ሲሰፋ የኖረው ለዚህች ልጅ ነው። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ቀብሬው እመለስና ዓርብ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተን እንነግራታለን። እናንተ ስልኳን ብቻ ያዙልኝ። አደራ!»

አደራ! ይቺ ቃል ስንቱን አፍ ለጉማለች መሰላችሁ። ሙንተሃም «እሺ ጋሼ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ለሐሙሱ ፕሬዘንቴሽን የተመደቡበት ቡድን ሦስተኛ አባል ኤልናታን ነው። ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ልጁ ብልጥ ነው፣ ወዲያው አሰበ። ዶርሙ የአርባ ምንጭ ልጆች ሞልተውበታል፤ አንዷ አምልጧት ብትናገር አለቀ። «ዛሬ ውይይቱን ሐይቅ ዳር እናድርገው፣ አየር እንቀበል» አለና ባጃጅ ጠራ። ኢያኤል ደስ አላት። ከባጃጁ ሲወርዱ «ውይይቱን ባንቺ ስልክ እንቅዳው፣ ያንቺ ድምፅ ጥራት አለው» ብሎ ተቀበላትና እዚያው ኪሱ ውስጥ አጠፋው። ትንሽ ቆይቶ «ወይኔ፣ ባትሪሽ አልቋል» አለ።

የሚወያዩበት ልብ ወለድ ገና ባልመጣ ዘመን ስለሚኖር አንድ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ማዘን ክልክል ነው፤ ያዘነ ሰው ሥራ ይፈታላ! ስለዚህ ሰው ሲሞት አንድ ቢሮ በሟቹ የእጅ ጽሑፍ ለቤተሰቡ ደብዳቤ እየጻፈ ይልካል። የባለታሪኩ እናት ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ እሱ ግን በየሳምንቱ ከእሷ «ደህና ነኝ፣ አታስብ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ኢያኤል ደግሞ ይህን መጽሐፍ ለብቻዋ አላነበበችውም። ማታ ማታ ለአባቷ እየደወለች የዕለቱን ምዕራፍ በአማርኛ ትተርክላቸዋለች። እሳቸው ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው እየሰፉ ይሰማሉ። ታሪኩ ሲይዛቸው የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ኢያኤል ጥሩ ቦታ ላይ መድረሷን የምታውቀው በዚያ ነው። የመጨረሻዋን ምዕራፍ ሰኞ ማታ ስታነብ አምሽታ ሳትደውል ቀረች። ዛሬ ልትነግራቸው ነው።

የመምህሩ ጥያቄ «ዋናው ጥፋተኛ ማነው?» የሚል ነበር።

«ቢሮው ነዋ» አለ ኤልናታን፣ ለመገላገል።

«አይደለም!» አለች ኢያኤል። «ቢሮው ቢሮ ነው፣ ከእሱ ምን ትጠብቃለህ? እኔን ያንገበገቡኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። አብረውት ይበላሉ። ደብዳቤውን ሲያነብላቸው ‹እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆኑ› ይሉታል። እንዴት ነው እህሉ የሚወርድላቸው?»

ሙንተሃ የያዘችውን ሳምቡሳ መልሳ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። «አዝነውለት ይሆናል እኮ» አለች። «ሥራውን እንዳያጣ ብለው።»

«ማን ጠየቃቸው? የገዛ ለቅሶውን ነው የሰረቁት! ጻፈው ኤልናታን፣ ልክ እንዳልኩት ጻፈው።»

ኤልናታን አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

አስር ሰዓት ሲሆን ኢያኤል መቁነጥነጥ ጀመረች። «ሙኒ፣ ስልክሽን ስጪኝ። አባዬ ትናንትም አልደወልኩለትም፣ ይጨነቃል።»

«ካርድ የለኝም።»

«እሞላልሻለሁ አንቺ ቆንቋና! የኤልናታንስ?»

እዚህ ላይ ጊዜ ነበረ። በማግስቱ በማለዳው መኪና ብትሳፈር ለዘጠኝ ሰዓት አርባ ምንጭ ትገባለች። ሙንተሃ ይህን ታውቃለች፤ ልትናገርም አፏን ከፍታለች። ኤልናታን ዓይኑን አፍጥጦ አያት፣ ጋሽ ዳንኤል ያሏት «አደራ» ጆሮዋ ላይ ጮኸ፣ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ሆነ፦

«ረስቼው! አባትሽ ምሳ ሰዓት ላይ በኔ ስልክ ደውለው ነበር። ልብስ ሊያደርሱ ገጠር እየወጡ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ከፕሬዘንቴሽኑ በኋላ ትደውል ብለውሻል።»

«ውይ አባዬ! መጨረሻውን ጠየቀሽ?»

«ጠይቀዋል» አለች ሙንተሃ።

«አልነገርሽውም አይደል?»

«ኧረ አልነገርኳቸውም።»

ኢያኤል እንደ ሕፃን አጨበጨበች። «ይጠብቃላ! እኔ ነኝ የምነግረው» አለች። ምነው ያን ጊዜ የሙንተሃ ምላስ በተሳሰረ! ሲመለሱ ኤልናታን «ስልክሽ አልበራ አለ፣ አስጠግንልሻለሁ» ብሎ ይዞት ሄደ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢያኤል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስላይድ እያስተካከለች መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። ሙንተሃ ሰዓቷን አየችና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሐሙስ ኢያኤል ስለ ጎረቤቶቹ ስትናገር መምህሩ ሳይቀሩ አጨበጨቡላት። አመሻሹ ላይ ስልኳን ስትጠይቅ ኤልናታን «ከጥገና ገና አልወጣም፣ ነገ ይደርሳል» አላት። ዓርብ ሳይነጋ ጋሽ ዳንኤልና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች የዶርሙን በር አንኳኩ። የኢያኤልን ጩኸት የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ሙንተሃና ኤልናታንም አብረዋት አርባ ምንጭ ወረዱ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ኢያኤል ሙንተሃን በእጇ ጠራቻትና አባቷ የሚሰፉበት ክፍል አስገባቻት። የስፌት መኪናው በነጠላ ተሸፍኗል። ኢያኤል ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«አባዬ የሞተው ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት ነው አሉኝ።»

«አዎ።»

«አንቺ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ደወለ አልሽኝ።»

«ኢያዬ፣ አጎትሽ አደራ ብለውኝ...»

«አጎቴ ‹አባቷ ደወለ› በይ አላለሽም።» ኢያኤል አላለቀሰችም፣ እንባው አልቆባት ነበር። «ቀብሩን ስለከለከላችሁኝ ምን ልበል? ወግ ነው ይላሉ። ግን ሙኒ፣ እኔ እኮ ሦስት ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አባዬ መጨረሻውን ጠየቀ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ!»

ሙንተሃ ተንበርክካ እግሯን ያዘች። «አፉ በይኝ፣ እባክሽ አፉ በይኝ» እያለች ተንሰቀሰቀች። ኢያኤል አልገፋቻትም፣ አላነሳቻትምም። ሙንተሃ አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቀችና ነጠላውን ከመኪናው ላይ ገፈፈች፤ የአባቷን በርጩማ ትታ ትይዩው ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ውጪልኝ» አለች። «መጨረሻውን ልነግረው ነው።»

ሙንተሃ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ወደ ድንኳኑ አልሄደችም፤ እዚያው በሩ ሥር ቆመች። ኢያኤል ዝቅ ባለ ድምፅ ጀምራለች፤ ባለታሪኩ የጎረቤቶቹን በር አንድ በአንድ እያንኳኳ «እናቴ መቼ ነው የሞተችው?» እያለ ይጠይቃል። ከክፍሉ ውስጥ ከእሷ ድምፅ ሌላ ምንም፣ የስፌት መኪናው እንኳ፣ አይሰማም ነበር።