መስመሩ ላይ ያስራገፍኩት ፌሮ

ሰው «ውበቱ ብረት» ይለኛል። መካነ ሰላም ውስጥ ፌሮና ቆርቆሮ የፈለገ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጠብ የገጠመውም እኔ ዘንድ ይመጣል፤ አስታርቅ ሲሉኝ አፌ ይፈታልኛል። ዛሬ የምረግመው ያንን አፌን ነው።

አምና ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራን። «ተማሪውም መምህሩም ሳይክል መንዳት ጀምሯል፣ ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነው፤ በዋናው መንገድ ዳር መስመር እናስምርላቸው፣ ባለሱቅም ዕቃውን ወደ ውስጥ ይሰብስብ» ሲባል ማን ቀድሞ እጁን አወጣ? እኔ! «ልጆቻችን ናቸው! ነገ ሬሳ ከምናነሳ ዛሬ መንገድ እንልቀቅ!» ብዬ አዳራሹን አስጨበጨብኩ። ነጩ መስመር ተቀባ። በሱቄ ደጃፍም አለፈ።

ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ፌሮ የጫነ መኪና መጣልኝ፣ ጓሮዬ ሞልቶ ነበርና «ለዛሬ ብቻ» ብዬ መስመሩ ላይ አስራገፍኩት። ለዛሬ ብቻ! ሳምንት ሆነው፣ ወር ሆነው። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበትና የሚጠበቅብኝን ሁሉ ያደረግኩ መሰለኝ።

ፈይዛ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት። የክትባቱን ሳጥን ከሳይክሏ ኋላ አስራ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። አንድ ጠዋት ከሳይክሏ ወርዳ ሱቄ በር ላይ ቆመች።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ይቺን ፌሮ ትንሽ ገባ ቢያደርጉልን? ለማለፍ ስንል መሐል መንገድ እየገባን ነው።»

ሱቅ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ላስቃቸው ፈለግኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳንቺ ያለች ቀጭን ማለፊያ ታጣለች እንዴ?» አልኳት።

ሳቁልኝ። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ ፈገግ አለችና «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። በአራተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ የጎማ ሲጢጥታ ሰማሁ። ስወጣ ፈይዛ መንገዱ መሐል ወድቃለች፣ ሳይክሏ አይሱዙ ሥር ገብቷል፣ የክትባቱ ሳጥን ተከፍቶ በረዶው ተበትኗል። እግሯ ተሰብሮ ነበር። ዋለ የሚባለው ሾፌር ከወግዲ እህል ጭኖ መምጣቱ ነው፤ ራሱን ይዞ «በድንገት ገባችብኝ! በድንገት!» እያለ ይጮኻል። ቀዩን ጨርቅ አየሁት። አየሁትና ፊቴን አዙሬ፣ ከሁሉ ሰው በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እነዚህ ሾፌሮች ጨረሱን እኮ!» አልኩ።

ከሳምንት በኋላ የዋለ እናት እማማ በለጡ እያለቀሱ መጡ።

«ጋሽ ውበቱ፣ ልጄ በዋስ ነው የወጣ። ባለመኪናው ቁልፉን ተቀብሎታል። ልጅቱ አፉ ካላለችው እንጀራው ሄደ። እርስዎ ከገቡበት እምቢ አይሉም።»

እምቢ በል እንጂ፣ አንተ ሰው! እምቢ አላልኩም። ይልቁንስ ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠን ሰው ማን ይጠረጥራል?

እሑድ ጠዋት እኔ፣ ሸህ ሁዜይፋና ቄስ አምላኩ ፈይዛ ቤት ሄድን። ዋለን እንደ ወጉ ድንጋይ አሸክመን አስገባነው። ድንጋዩን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ተለቅ ያለውን። ፈይዛ እግሯን በጀሶ ታስራ አልጋ ላይ ነበረች። ልትነሳልን ስትሞክር «ኧረ በሞቴ፣ ተይ!» አልናት።

ዋለ አንገቱን ሰብሮ «እህቴ፣ አፉ በይኝ» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? «ግን እውነቴን ነው፣ ፍሬን ይዣለሁ። ለምን መሐል እንደገባች እስካሁን አልገባኝም» ብሎ ጨመረ።

ቱግ አልኩ። «አንተ! እግሯን ሰብረህ ስታበቃ ጥፋቱን እሷው ላይ ልትለጥፍ? ትንሽ አታፍርም?»

አታፍርም አልኩት። እኔ!

ድንጋዩ ከዋለ ትከሻ ሊያመልጥ ደረሰ።

«አይቆጡት ጋሼ» አለች ፈይዛ። «እውነቱን ነው። መሐል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። አፉ ብዬዋለሁ።»

ሸህ ሁዜይፋ መረቋት። ከዚያ ምንም ሳይጠረጥሩ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ለምን መሐል ገባሽ? መስመር ተሰምሮላችሁ የለ?» አሏት።

እኔን ላለማየት ጀሶውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እጇን አየች። ምነው ባየችኝ!

«ጠበበኝ» አለች።

ይህችን ብቻ። ባሾፍኩባት ልጅ ፊት ተቀምጫለሁ፣ እሷ ደግሞ ጥፋቱን ለራሷ ወስዳ ስሜን ዋጠችልኝ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ዋለም ጥፋተኛ፣ እሷም ጥፋተኛ፣ እኔ ደግሞ ተመርቄ ቤቴ እገባ ነበር።

«ያጠበብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ፌሮዬ ነው። አንሳልን ብላ ለምናኝ ነበር። ሳቅኩባት።»

ሸህ ሁዜይፋ ከአጠገቤ ፈቀቅ ያሉ መሰለኝ፤ ምናልባት አላሉም። ቄስ አምላኩ ተነስተው ድንጋዩን ከዋለ ትከሻ አወረዱና መሬት ላይ አኖሩት። አንሳው ያለኝ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። እንዲያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ያስቀምጡት ጋሼ» አለች ፈይዛ እንባዋን እየጠረገች። «ድንጋዩ ለኔ ምን ያደርግልኛል? መስመሩን ይልቀቁልን።»

በዚያው ቀን ፌሮውን አስነሳሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ጋሽ ውበቱ፣ ምነው በሰንበት?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ እውነቱን ነገርኩት። ሰኞ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ ዋለም ውሎ አድሮ መኪናው ላይ ተመለሰ። ማክሰኞ ደግሞ ጎረቤቴ ንጉሡ ቦታው ባዶ መሆኑን አይቶ ፍራሾቹን ደረደረበት።

«አንሳ!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ኧረ ለዛሬ ብቻ ነው ጋሽ ውበቱ!» አለኝ።

ፍራሾቹን አንድ በአንድ እየተሸከምኩ ሱቁ ውስጥ ከተትኩለት።

ፈይዛን ከሁለት ወር በኋላ አየኋት። በክራንች ሆና፣ መስመሩን ይዛ መጣች። ሳይክሉን ለእህቷ ሰጥታዋለች አሉኝ፤ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ፌሮው ቀለሙን ልጦ ዝገት ያስቀረበት ቦታ ስትደርስ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። የምላትን ነገር ስንት ቀን ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ ፈገግ ብላ፣ ያኔ «እሺ ጋሼ» እንዳለችኝ።

ምነው በሰደበችኝ! ከኋላዬ ደንበኛ ቆሞ «ጋሽ ውበቱ፣ ባለ አሥራ ሁለት ፌሮ አለ?» እያለ ይጠይቀኛል። ዞሬ ላየው አልቻልኩም።