የማይለቀቅ ቁጥር

ፒዮ ሚና የሠራቻቸው ሬዲዮኖች ከሰው ይልቅ ትሑት ነበሩ። በተራራማው የጋንግዎን አውራጃ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የነፍስ አድን ሠራተኞች ደረታቸው ላይ ያስሯቸዋል። ከመሬት በታች የስልክ ማማ የለምና፣ ሲቀራረቡ እርስ በርሳቸው ተፈላልገው መልእክት ይቀባበላሉ። ቁጥራቸውንም የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። አንዱ የሌላውን ቁጥር ይዞ ከተገኘ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ለቆ ሌላ ይወስዳል።

ጭቅጭቁ የመጣው ከሰዎቹ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ቁጥር አንድ ለአንድ ጀማሪ ደረሰና፣ ሁሉንም በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ታክ ሠላሳ ሰባተኛ ሆኑ። ቡድኑ ሳቀ። መጠጥ እንኳ በዕድሜ ተራ በሚቀዳበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሽማግሌው ያን ዕለት ምሳ አልቀረቡም።

«ቁጥር አንድን ለሳቸው ቆልፊላቸው» አላት የቡድኑ አለቃ ኦክ።

«ከተቆለፈ እኮ አይለቅም፣ አለቃ። ሌላ ቁጥር አንድ ቢመጣስ?»

«ከየት ይመጣል? አንቺ ደግሞ፣ አባባን በማሽን ልታስንቂያቸው ነው?»

ቆለፈችው። ከተራራው ማዶ ያለው ቡድንም ወሬውን ሰምቶ ለራሱ ሽማግሌ፣ ለአባባ ኖ፣ እንዲሁ ሲለምናት እምቢ ማለት አፈረች። የት ይገናኛሉ ብላ ራሷን አታለለች።

ተገናኙ። ጣሪያ ተደርምሶ ሦስት ቆፋሪዎች ታች ሲቀሩ፣ የኦክ ቡድን በማውጫው ታችኛ አፍ፣ የማዶው በላይኛው ገብተው ተራራው ሆድ ውስጥ ሬዲዮኖቻቸው ተቀላቀሉ። ኦክና ሚና ደጅ ሆነው በሚከታተሉበት ድንኳን ውስጥ፣ እያንዳንዱን ሬዲዮ የሚያሳየው ስክሪን በነጥብ ሲሞላ ሰው አጨበጨበ።

ብዙም ሳይቆይ ቁጥር አንድ ቀላ። የታጠቀው ሰው አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ኦክ «አባባ ታክ» ብሎ አሰበና ለቁጥር አንድ በጽሑፍ ጥያቄ ላከ፤ ደህና ነዎት? መልሱ ወዲያው መጣ፤ ደህና ነኝ። ነጥቡ አረንጓዴ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀላ። ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ ደህና ነኝ ተባለ።

«አረፍ ብለዋል» አለ ኦክ። «ደክሞኛል ከሚሉ ቢሞቱ ይመርጣሉ፣ ታውቋቸው የለ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሚናም ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ነጥቡ ሲቀላ ታችኛው መተላለፊያ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ሲሆን ላይኛው ላይ። የትኛውም ሽማግሌ እንዲያ አይዘልም።

«አለቃ፣ ሁለት ሰው ናቸው» አለች። «የወደቁት ታች አባባ ታክ ናቸው፤ ደህና ነኝ የሚሉን ላይ ያሉት አባባ ኖ ናቸው። ሰው ይላኩ፣ ታች።»

ሰዎቹ ሲደርሱ የአባባ ታክ የአየር ጠርሙስ ባዶ ነበር፤ ትንፋሻቸውም ቆሟል። ገላቸው ግን ገና አልቀዘቀዘም፤ ሚናን ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነው። ቆፋሪዎቹ ሦስቱም በሕይወት ወጡ።

አባባ ኖ ምንም ሳይሰሙ፣ ከሰል ፊታቸውን እንዳለበሰው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ማነው እንዲያ የተጨነቀልኝ? ጥያቄው ሥራ አስፈታኝ እኮ። ግን አልዋሽም፣ ልቤ ደስ አለው። በዚህ ዕድሜዬ የሚያስታውሰኝ ሰው አለ ማለት ነው አልኩ።»

ሚና ዝም ልትል ትችል ነበር። ግን ነገ ከሌላ ሰው መስማታቸው አይቀርም።

«የምንጠይቀው እርስዎን አልነበረም፣ አባባ» አለቻቸው። «አባባ ታክን ነበር።»

ሽማግሌው የድንኳኑ በር ላይ ወደተዘረጋው ቃሬዛ ዞር አሉ። ከዚያ ደረታቸው ላይ የታሰረውን ሬዲዮ ፈትተው ሚና ፊት አስቀመጡት።