ውርጭ የመታው ድንች

"ቶሎ ቶሎ!" አለ ሚስተር ሊ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አስግጎ።

"እሺ፣ ቶሎ ነው" አለችው ወሰንየለሽ። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለው የአሳማ ሥጋ አንዱን ሙዳ አውርዳ መክተፊያው ላይ ጣለችው።

የቻይናዊው አማርኛ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። "ቶሎ ቶሎ"፣ "ጨው ትንሽ"፣ "በጣም ጥሩ"፣ አለቀ። መንገድ ሠሪዎቹ ወደ ጓሳ በሚያወጣው ገደል ላይ ድንጋይ ሊያፈነዱ ስለሆነ፣ ቅዳሜም ቢሆን ምሳቸውን በረፋዱ በልተው መሄድ ፈልገዋል። ከሚሌኒየሙ ማግስት በመንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ የተተከለው ይህ ካምፕ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ጥድፊያ ብቻ።

ሥጋው ጭስ ላይ ተሰቅሎ ስለከረመ ጠቁሯል። በስሱ ከትፋ በደረቅ ብረት ድስት ጣለችው። ስቡ ቀልጦ መንጣጣት ሲጀምር ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች፤ ከዚያ በርበሬ፤ ከዚያ ሾፌሩ ከወላይታ በጆንያ ያመጣውን ስኳር ድንች ልጣ በትልልቁ ቆርጣ ከተተችው። ትንሽ ውኃ ቸለሰችበትና ከደነችው። ወጡ እንግዲህ ይኸው ነው። የሐበሻ ወጥ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ይሄኛው ደርሶ ይበላል። ጭስ ጭስ የሚለው ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶ በበሩ ይወጣል። ያውም ደስ የሚል ሽታ ነው፤ እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ነበር። ምነው በከረፋ! ቢከረፋ ኖሮ መጸየፉ ይቀልላት ነበር።

ቀምሳው አታውቅም። ጨው ማነሱንና መብዛቱን የሚነግራት ሚስተር ሊ ነው። የአሳማው ድስት፣ ጭልፋውና ቢላዋው እጀታቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮባቸዋል፤ ከሌላው ዕቃ ጋር አይታጠቡም። በወዲያኛው ጉልቻ ላይ ለሐበሻ ሠራተኞች የሚሆነው የበግ ወጥ ገና ይንተከተካል። ማታ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት እጇን በአመድና በሎሚ ስትፈገፍግ ቆዳዋ ሊላጥ ይደርሳል።

ምን ታድርግ? ባሏ ትዕዛዙ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የሚያርስላት ሰው አጣች። ልጇ ሲና መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ካምፑ ባይመጣ ምን ይውጣት ነበር! ግን ደግሞ እሪያ ስትቀቅል የምትውልን ሴት ማኅበር የሚያስገባት፣ ጠላዋን የሚጠጣላት፣ ልቅሶ ቤት ወጥ የሚያስነካት ማን አለ? ስለዚህ ለጠየቃት ሁሉ "እኔ የሐበሻውን ነው የምሠራው፤ የእነሱን እነሱው ይሠራሉ" ስትል ኖረች።

አባቷን አቶ ኃይለ ኢየሱስን ግን ማሳመን አልቻለችም። የፋሲካ ዕለት ሐሜቱን ሰምተው መጡና ገና ማዕዱ ሳይባረክ ጠየቋት። "ማርያምን፣ ነክቼው አላውቅም!" ብላ ማለች። እሳቸው ዐይኗን ትክ ብለው አዩ። "እጅሽ የነካውን አልበላም" አሉና ዶሮ ወጡ እንደተቀመጠ ትተውት ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። እናቷን አስካለ ማርያምን እንኳ የምታያት፣ እሳቸው ገበያ ሲወጡ ጠብቃ፣ በጓሮ በር ገብታ ነው። እናትየዋ ደግሞ ከክረምት ጀምራ አልጋ ይዛለች።

ወጡ ደረሰ። ለቻይኖቹ የሚበቃውን በጎድጓዳ ሳህን ቀዳች፤ የተረፈውን ከነድስቱ እሳቱ ዳር አወረደችና ሳህኑን ይዛላቸው ወደ መመገቢያው ሄደች። እዚያ ሩዝ ስታቀርብ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ሚስተር ሊ "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" ሲላት ቆየች።

ስትመለስ የበር ጠባቂው በኃይሉ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በዚህ ሳምንት የተቀጠረ ነው፤ የካምፑን ነገር ገና አያውቅም። ፈገግ ብሏል።

"እንግዳ መጥቶልሻል" አላት።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ በርኖሳቸውን እንደለበሱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ። በመጨረሻዋ ቁራሽ እንጀራ የሳህኑን ጥግ ጠራርገው ጎረሱ።

ወሰንየለሽ ድስቱን አየች። ክዳኑ ተከፍቷል። ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ ውስጡ ገብቷል። ከደጃፉ አላለፈችም።

"አትደንግጪ፣ እኔው ነኝ" አሉ። "ነይ ሳሚኝ።"

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"ብርዱ ሲያንቀጠቅጣቸው አየሁና እኔ ነኝ ያስገባኋቸው" አለ በኃይሉ። "'የልጄ እጅ የሠራውን አቅምሰኝ' አሉኝ። የደረሰው ይሄኛው ነው። አጠፋሁ እንዴ?"

"ሂድ... ወደ በርህ ሂድ" አለችው።

"ልጁን አትቆጪው፣ ለምኜው ነው" አሉ አባቷ። ሳህኑን አስቀመጡና እጃቸውን አበሱ። "ነገ ከእናትሽ ጋር ልንቆርብ ነው፣ ወሰኔ።"

"ነገ?"

"ነገ። ዕድሜ ልካችንን ስናሳድረው ኖርን። አሁን እሷ እየደከመች ነው፤ ሳትቆርብ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። የነፍስ አባታችን ግን፣ አባ ኪዳነ ወልድ፣ 'ከልጅህ ሳትታረቅ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቀርብም' አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእመቤቴ ስም ምለሽልኝ ሳላምንሽ ቀረሁ። የሰው ወሬ ሰምቼ፣ በትንሣኤ ቀን ማዕድ ረግጬ ወጣሁብሽ።" ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ጎንበስ አሉ። "ይቅር በይኝ።"

"ኧረ በሞቴ! አባባ፣ ይቀመጡ!"

"ይቅር በይኝና እቀመጣለሁ።"

"ይቅር... እግዜር ይቅር ይበለን" አለች። ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት።

አዛውንቱ እፎይ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው በራ። "እጅሽ የነካውን አልበላም ያልኩት ሰውዬ፣ ይኸው ከእጅሽ በላሁ። ተፈጸመ። ደግሞ አጣጣሙ! የእናትሽን ቋንጣ አስታወሰኝ፤ ያንን ከምድጃ በላይ ሰቅላ ጭስ የምታጠግበውን። ድንቹ ግን ጣፈጠኝ። ውርጭ መትቶታል አይደል?"

ጥቅምት ማለቂያው ላይ ነበሩ። ውርጭ የመታው ድንች እንደሚጣፍጥ የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። ስኳር ድንች የሚባለውን ግን በዚያ አገር ማን አይቶት!

"አዎ" አለች ሳታስበው። "ውርጭ መትቶት ነው።"

"አውቄዋለሁ" አሉ ደስ ብሏቸው።

ወሰንየለሽ እሳቱን ቆሰቆሰች፤ የሚቆሰቆስ ግን አልነበረውም። ሳያውቁ የበሉት ነው፣ ምን ኃጢአት አለባቸው፣ አለች በልቧ። ዝም ብትል ነገ ይቆርባሉ፣ እናቷ የተመኘችውን ታገኛለች፣ የስድስት ወር ኩርፊያ ያበቃል። ብትናገር ግን ሁሉም ይፈርሳል፤ የእናቷ ቁርባንም፣ የእሷም ስም። ደግሞ እናቷ ሌላ ቀን እንደሚኖራት ማን ያውቃል?

"እንግዲህ ልነሳ" አሉ አባቷ። "እናትሽ ምግብ እንቢ ብሏታል፤ ትናንትም ጥሬ ውኃ ብቻ ነው። አባ 'እስከ ስምንት ሰዓት ትቅመስ፣ ከዚያ ወዲያ እህል ውኃ በአፏ አይዙር' ብለዋታል። ከዚሁ፣ ለስለስ ካለው ድንች ጥቂት አድርጊልኝ። ይሄን ትበላለች። የልጅሽ እጅ ነው እላታለሁ።"

የምሳ ዕቃ አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ወዲያኛው ጉልቻ ሄደች፤ ከበጉ ወጥ ለስላሳ ለስላሳውን መርጣ ጨለፈች፤ እንጀራ አጥፋ ከላይ ደረበችበትና ከደነችው። እሳቸው አላዩም። ቢያዩም በየትኛው ድስት ምን እንዳለ አያውቁም።

"እጅሽ ይባረክ" አሉና ግንባሯን ስመው ወጡ።

በበሩ ሲያልፉ አየቻቸው። በኃይሉ ቆቡን አንስቶ ሸኛቸው። በቃ፣ ተገላገልኩ፣ አለች። ሳህኑን ልታጥብ አነሳች። ጠራርገው ስለበሉት ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። እንዲያ ወድደውላት የበሉት፣ ሊታረቋት ብለው ነው። ነገ ደግሞ ነጭ ለብሰው፣ እናቷን በክንዳቸው ደግፈው፣ በዚያው አፍ... ሳህኑን ጣለችና ሮጠች።

የደረሰችባቸው ከካምፑ በላይ፣ አዲሱ መንገድ ከእግር መንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

"ምን ረሳሁ?" አሉ ዞረው።

"አባባ፣ የበሉት በግ አይደለም።"

"እ?"

"አሳማ ነው። ድንቹም ውርጭ የመታው አይደለም፤ የቆላ አገር ነው፣ ተፈጥሮው ይጣፍጣል። ልጁ አያውቅም፣ በእሱ አይፍረዱበት። በፋሲካ ዕለትም የማልኩት በሐሰት ነው። የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔ ነኝ።"

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ወደ መንገዱ ዳር ሄዱና አጎንብሰው ሊያስመልሱ ሞከሩ። አልወጣላቸውም። ምራቃቸውን ደጋግመው ተፉ። መጨረሻ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ነው የታያት።

"ውኃ ላምጣልዎ?"

"አልፈልግም።" ሆዳቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። "ቤት አንዲት ሴትዮ ነጭ ልብሷን አሳጥባ ትጠብቀኛለች። ምን እላታለሁ?"

ወሰንየለሽ አለቀሰች። መሬት ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ልትይዝ ስትል ወደ ኋላ ሰበሰቡት።

"ተይ። ደርሶ እግር መያዝ ምን ያደርጋል! ስንጠይቅሽ ነበር መናገር።" አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። "ባትነግሪኝስ ምን ነበረበት? ነገ ካለፈ በኋላ፣ እናትሽ ከቆረበች በኋላ..."

"አልቻልኩም።"

"አልቻልሽም" አሉ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ቁጣው ከፊታቸው አልጠፋም፣ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። "እሱስ ደግ አደረግሽ። ከበደኝ እንጂ ደግ አደረግሽ።"

የምሳ ዕቃው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አዩት።

"ይሄስ?"

"እሱ በግ ነው። ከሌላው ድስት ነው የጨለፍኩት። ማርያ..." ብላ አቆመች። መማል የማትችል ሰው ሆናለች። "በግ ነው፣ አባባ" አለች ዝቅ ብላ።

አዛውንቱ ዕቃውን አንስተው ያዙት፤ ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ዘረጉላት።

"እንግዲያው አንቺው ያዢው። እናትሽ ፊት ራስሽ ቀምሰሽ ታጎርሻታለሽ። ከዚያ አባ ዘንድ እንሄዳለን። እኔ የበላሁትን እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ የማልሽውን ትነግሪያቸዋለሽ። የእሷን ቁርባን እሳቸው ይወስኑ።" ተነስተው መንገዳቸውን ጀመሩ።

ሁለት የደብሩ ሴቶች ገብስ የጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ ገበያው ሲወርዱ ደረሱባቸው። እህትማማቾች ናቸው፤ ከወሰንየለሽ ጋር ማኅበር ይጠጣሉ። እንባዋን አዩና ቆም አሉ። ከታች፣ ከካምፑ በር ላይ፣ በኃይሉ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

"ወሰንየለሽ! የበጉ ወጥ ሊያርር ነው! ደግሞ የቻይኖቹን እራት ማን ይሠራል?"

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ። ይህንን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጠይቀዋት ያውቃሉ፤ "እነሱው ይሠራሉ" የሚለው መልስም አፏ ላይ ነበር። አባቷ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

"ድስቱን አውርደው!" አለች ጮክ ብላ። "አሳማውን እስከ ዛሬ የምሠራላቸው እኔ ነበርኩ፤ ለማታው ሌላ ሰው ይፈልጉ!"

አንደኛዋ ሴት አማተበች። ወሰንየለሽ ሽርጧን ፈታ ጠቀለለችው፤ የምሳ ዕቃውን ነጠላዋ ሥር ይዛ ከአባቷ ኋላ ዳገቱን ጀመረች።